በሐኪም እገዛ መሞትን ሕግ ሊፈቅደው ይገባልን?

ነርስ ዘሲያትል

ክቡራንና ክቡራት የመድረኩ አባላት፣ ይህን ጥያቄ ያመጣሁት በሥራዬ ላይ በየጊዜው ስለሚገጥመኝ ነው። የምሠራው በዋሽንግተን ግዛት፣ የመዳን ተስፋቸው ተሟጦ በቤታቸው የሚታመሙ ሰዎችን በሚከታተል የሆስፒስ ቡድን ውስጥ ነው። ሕዝቡ በ2008 ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ በዋለው የግዛቱ ሕግ መሠረት፣ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በራሱ ለመወሰን አእምሮው የሚፈቅድለትና ከስድስት ወር በላይ እንደማይቆይ ሁለት የሕክምና ባለሙያዎች ያረጋገጡለት ሕመምተኛ ሕይወቱ እንዲያልፍ የሚያደርግ መድኃኒት እንዲታዘዝለት መጠየቅ ይችላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምስክሮች ባሉበት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። በሁለቱ የቃል ጥያቄዎች መካከል ቀድሞ 15 ቀን ማለፍ ነበረበት፤ በ2023 ወደ 7 ቀን ዝቅ ብሏል። መድኃኒቱን የሚወስደው ራሱ ሕመምተኛው ነው እንጂ ሐኪምም ሆነ ነርስ አይሰጠውም። ሕሊናው ያልፈቀደለት ባለሙያ ላለመሳተፍ መብት አለው።

እኔ በዚህ መብት ተጠቅሜ አልሳተፍም። ይሁን እንጂ አለመሳተፌ ከጥያቄው አላዳነኝም። በቅርቡ የምከታተላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት፣ ሕመማቸው በመድኃኒት በደንብ ተይዞላቸው ሳለ ማመልከቻውን እንደሚሞሉ ነገሩኝ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «ሕመሙን ችዬዋለሁ፤ የማልችለው ልጄ ገላዬን ስታጥበኝ ማየት ነው» አሉኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት እናትን ማጠብ የልጅ ወግ ነው፣ ምርቃትም ያስገኛል። እኚህ እናት ግን ከሞት የከፋ ውርደት አድርገው ቆጠሩት፤ ልጃቸውም ደጅ ወጥታ ስታለቅስ አገኘኋት፤ ማጠቡ ለእሷ ምንም ሸክም አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ሰው አስቦበት፣ ሳይገደድ «በቃኝ» ሲል ሕግ ሐኪሙን «እርዳው» ሊለው ይገባልን? «ኃጢአት ነው» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ እለምናለሁ፤ ያንን እኔም አውቃለሁ፤ ለማያምኑት ሰዎች ጭምር የሚሠራ ሕግ ምን መሆን እንዳለበት ነው የምጠይቀው።

ጠበቃ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በአግባቡ ለመመለስ በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ሕክምናን እምቢ ማለት ነው። ይህ በእኛም አገር መብት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1990 በናንሲ ክሩዛን ጉዳይ ራሱን የሚያውቅ ሰው ያልፈለገውን ሕክምና የመተው መብት እንዳለው ተቀብሎ ነው የተነሣው። ሁለተኛው ሐኪም መድኃኒቱን አዝዞ ሕመምተኛው ራሱ የሚወስድበት ነው፤ ኦሪገን በ1994 በሕዝብ ድምፅ አጽድቃ በ1997 ሥራ ላይ ያዋለችው፣ የእናንተም ግዛት የተከተለው መንገድ ይህ ነው። ሦስተኛው ሐኪሙ በገዛ እጁ መርፌውን የሚወጋበት ነው፤ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ከ2002 ጀምሮ፣ ካናዳ ከ2016 ጀምሮ ፈቅደውታል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በዋሽንግተንና በግለክስበርግ ክርክር፣ በሐኪም እገዛ መሞት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት አይደለም ብሎ ወስኗል፤ ነገር ግን ክርክሩን ለየግዛቶቹ ሕዝብ ክፍት አድርጎ ተወው። ጉዳዩ ዛሬ ከግዛት ግዛት የሚለያየው ለዚህ ነው።

በእኛ በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣ ወይም የረዳ፣ ድርጊቱ ተሞክሮ ከቀረ በቀላል እስራት፣ ከተፈጸመ ደግሞ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል፤ ረዳቱን ያነሣሣው የራስ ጥቅም ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ስዊዘርላንድ ግን ከ1942 ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕጓ የምትቀጣው ለራሱ ጥቅም ብሎ የረዳውን ብቻ ነው። ሁለቱ ሕጎች የረዳቱን ልብ መመርመር እንደሚያስፈልግ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በርኅራኄ የረዳውን ሰው ነጻ በማውጣትና ባለማውጣት ላይ ነው። እኔ በግሌ የእኛን አቋም እደግፋለሁ፤ ምክንያቱም ወራሽና አስታማሚ አንድ ሰው በሆኑበት ቤት ውስጥ ርኅራኄን ከጥቅም ለይቶ የሚያስረዳ ማስረጃ ለፍርድ ቤት ማቅረብ እጅግ አዳጋች ነው።

ዲያቆን ዘጎንደር

እህታችን «ኃጢአት ነው ብላችሁ እንዳታልፉ» ስላለች አላልፍም፤ ይልቁንም በመጽሐፍ ያለውን ጉዳይ ላንሣ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ አንድ፣ አንድ አማሌቃዊ ጎልማሳ ወደ ዳዊት መጥቶ፣ ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ በጦሩ ላይ ተደግፎ፣ ጣር ይዞት ሳለ «ግደለኝ» ብሎ እንደለመነውና እሱም ከወደቀ በኋላ እንደማይድን አውቆ እንደገደለው ይናገራል። ሰውየው ለመነ፤ ጣር ላይ ነበረ፤ ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ ሕጎቹ የሚጠይቋቸው ቅድመ ሁኔታዎች የተሟሉ ይመስላሉ። ዳዊት ግን አላመሰገነውም፤ በሞት ቀጣው እንጂ። ቤተ ክርስቲያናችን የሕመምተኛውን ሥቃይ ንቃ አይደለም፤ ቀንዲል የምትቀባው፣ ጠበል የምትረጨው፣ ካህኑ ደጅ ሳይቆም አልጋው ድረስ የሚገባው ለዚሁ ነው። ነፍስ ግን የሰጪዋ ናት።

የቶሮንቶዋ

ዲያቆን፣ በአክብሮት የተለየ ሐሳብ ልሰንዝር። ዳዊት አማሌቃዊውን ሲቀጣው የሰጠው ምክንያት «እግዚአብሔር የቀባውን ለመግደል እንዴት አልፈራህም» የሚል ነው። የተቀጣው በተቀባው ንጉሥ ላይ እጁን በመዘርጋቱ ነው፤ ደግሞም ዘውዱንና አምባሩን ይዞ ሽልማት ፍለጋ የመጣ ሰው ነበር። ስለ ርኅራኄ የተፈረደ ፍርድ አድርገን ብናነበው ታሪኩ ያልተናገረውን እናናግረዋለን።

እኔ የምኖረው በካናዳ ነው፤ ሕጉንም እደግፋለሁ። ሱ ሮድሪገዝ የተባለች ሴት ጡንቻዋን ቀስ በቀስ በሚያሽመደምድ በሽታ ተይዛ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክራ በ1993 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተሸነፈች። ያው ፍርድ ቤት በ2015 በካርተር ጉዳይ ክልከላውን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ካሳመኑት ምክንያቶች አንዱ እኔንም ያሳመነኝ ነው፤ እገዛ በወንጀልነት በተፈረጀበት አገር እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እጁ ሽባ ሳይሆን፣ ገና መኖር እየፈለገ፣ አስቀድሞ ራሱን ለማጥፋት ይገደዳል። እገዛ እንደሚያገኝ ካወቀ ግን እስከሚችለው ቀን ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ክልከላው ሁልጊዜ ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይቻልም።

በኦሪገን ከተመዘገበው መረጃ እንደምናየው መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህሉ ሳይወስዱት ነው የሚሞቱት። ኮመዲኖ ላይ መቀመጡ ብቻ አሳርፏቸዋል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ሐኪም የመዳን ተስፋ በሌለው ሕመምተኛ ላይ መተንፈሻ ማሽኑን ሲያጠፋ «ተፈጥሮ ወሰደው» እንላለን፤ በሕመምተኛው ልመና ሌላ መንገድ ሲከተል «ገደለው» እንላለን። የሁለቱም ሐሳብ አንድ፣ ፍጻሜያቸውም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ሐኪም ከጅማ

የተከበራችሁ ተወያዮች፣ የቶሮንቶዋ እህታችን በመጨረሻ ላነሣችው ነጥብ መልሴን ላስቀድም። ማሽኑን ሳነሣ ሕመምተኛው ቢተነፍስ ደስ ይለኛል፤ ተንፍሰው ቀናት የቆዩም አሉ። ሐሳቤ የማይጠቅመውን ጭንቅ ማንሣት ነው። ገዳይ መድኃኒት ሰጥቼው በሕይወት ቢቆይ ግን «አልተሳካም» ነው የምለው። ሐሳባችን አንድ አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ይልቁንም ማንሣት የምፈልገው ክርክሩ በእኛ አገር ከየት መጀመር እንዳለበት ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ወደኛ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የሕመም ማስታገሻውስ? ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም በዓመት ከሚሰራጨው ወደ 298.5 ቶን ገደማ ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ እንደሆነ አስፍሯል። ሞርፊን ውድ ሆኖ አይደለም፤ በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን እጅግ ርካሽ ነው። ጎረቤታችን ዩጋንዳ በ1993 በአን ሜሪማን በተቋቋመው ሆስፒስ ጀምራ፣ በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ጭምር ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቅዳ፣ ዱቄቱን በአገር ውስጥ በውኃ በጥብጣ ለሕሙማን በነጻ ታድላለች። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስታምም ሥራ ጀምሯል፤ ከሚያስፈልገው አንጻር ግን ገና ነው።

አንድ ሕመምተኛ ላንሣ። ከአርሲ የመጡ፣ የጉሮሮ ካንሰር ምግብ ማውረድ የከለከላቸው ገበሬ ነበሩ። ስንዞር አንሶላውን ነክሰው፣ ላብ አጥምቋቸው አገኘናቸው፤ «ልጄ፣ ወይ ግደለኝ ወይ ወደ ቤቴ ስደደኝ» አሉኝ። እንደተለመደው «ሲያማቸው ይሰጣቸው» ተብሎ የታዘዘላቸው መርፌ ከአራት ሰዓት በላይ አይዝላቸውም ነበር። ፈሳሽ ሞርፊን በሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ ቀድሞ እንዲሰጣቸው አደረግን፤ ለሆድ ድርቀቱም መድኃኒት ጨመርንበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጃቸውን ስለ ገብሱ አጨዳ ሲያዝዙት ደረስኩ። «ግደለኝ» ያሉኝን ቃል ደግመው አላነሡትም። በሽታው አልተወገደም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቤታቸው ዐረፉ።

እኚህ አባት በዚያ ቀን ማመልከቻ ቢቀርብላቸው ይፈርሙ ነበር፤ አእምሯቸውም ሙሉ ነበር፤ ያስገደዳቸውም ሰው አልነበረም። ያስገደዳቸው የጎደለ ብልቃጥ ነው። ስለዚህ ማስታገሻ በሌለበት አገር «በቃኝ» የሚለውን ቃል እንደ ነጻ ፈቃድ ልንቀበለው እንደማይገባ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አለ። ልጆቹ ከክፍሉ ውጭ ይይዙኝና «ዶክተር፣ እባክዎ ለአባታችን እንዳይነግሯቸው፤ ይደነግጣሉ» ይሉኛል። ሰውየው ስለ ገዛ በሽታው ሳያውቅ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያውቃል። መርዶ በወጉ የሚነገርበት አገር ልጅ ነኝና የፍራቻቸው ምንጭ ይገባኛል። ነገር ግን በሽታው ያልተነገረው ሰው ስለ ሞቱ ሊወስን ቀርቶ ኑዛዜውን ሊናዘዝ፣ የተጣላውን ሊታረቅ አይችልም። ስለ ሞት መብት ከመነጋገራችን በፊት ሕመምተኛው የማወቅ መብቱ በቤታችን ውስጥ ይከበር።

በተሽከርካሪ ወንበር የምሄድ

የምኖረው እኔም ካናዳ ነው፤ የሐኪሙን ጽሑፍ ሳነብ «የጎደለ ብልቃጥ» ያሉት ነገር በሀብታም አገርም እንዳለ መመስከር ፈለግሁ። የካናዳ ሕግ ሲጀምር ሞቱ በምክንያታዊነት የሚጠበቅ ሰው ብቻ እንዲጠይቅ ነበር የሚፈቅደው። በ2021 ይህ ቅድመ ሁኔታ ተነሣ፤ እንደ እኔ ያለ፣ ሞቱ ያልቀረበ ነገር ግን የማይድን ጉዳት ያለበት ሰው ብቁ ሆነ። በ2023 በዚህ ሕግ የሞቱት ሰዎች 15,343 ናቸው፤ በአገሪቱ ከሞቱት 4.7 በመቶ መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ሞታቸው የቀረበ ነበሩ። በሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ሞታቸው ሳይቀርብ ጠይቀው፣ ያለፉት ግን ስድስት መቶ ያህል ናቸው፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሡኝም እነሱ ናቸው።

ማንም ጤነኛ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ «መኖር በቃኝ» ቢል ፖሊስ ይጠራል፣ ይለመናል፣ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እኔ ያንኑ ቃል ብናገር ቅጽ ሊቀርብልኝ ይችላል። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት አካሌ ብቻ ነው። ለወንበሬ የሚሆን መወጣጫ ያለው የኪራይ ቤት ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ሕጉ ለሁለተኛው መንገድ ካስቀመጠው የ90 ቀን ግምገማ እጅግ ይረዝማል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴም በ2025 ካናዳ ይህን ሁለተኛ መንገድ እንድትሽር መክሯል። የቶሮንቶዋ እህቴ፣ የሱ ሮድሪገዝን ሥቃይ አልክድም፤ ነገር ግን ለእሷ የተከፈተው በር የማን ማለፊያ እንደሆነ ተመልከቺ።

የወሎው

ከእስልምና በኩል ባጭሩ። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ «ራሳችሁን አትግደሉ» ይላል። ቡኻሪ ባስተላለፉት ሐዲስም ቁስሉ አላስችል ብሎት እጁን በቢላ ቆርጦ ደሙ ፈስሶ ስለሞተ ሰው ተነግሯል፤ አላህም ባሪያው በነፍሱ እንደቀደመው ተናግሯል። በሌላ በኩል የማይጠቅም ሕክምናን መተው ይቻላል ያሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ጠበቃው የለዩዋቸው የመጀመሪያውና የተቀሩት ሁለቱ በእኛም ዘንድ የተለያዩ ናቸው። ሐኪሙ ስለ ማስታገሻ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ።

ከረሆቮት

እኔ የምሠራው በእስራኤል፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አረጋውያንን ከሐኪሞች ጋር በማገናኘት ነው። እዚህ የተወሰደው መንገድ ከሁሉም ይለያል። በፕሮፌሰር አቭራሃም ሽታይንበርግ የተመራና 59 አባላት የነበሩት ኮሚቴ፣ ራቢዎችን፣ ሐኪሞችን፣ የሕግና የፍልስፍና ሰዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ ካወያየ በኋላ በ2005 የሟች ሕመምተኛ ሕግ ወጣ። ሕጉ በእጅ መግደልንም ራስን ለማጥፋት መርዳትንም ይከለክላል። የጀመረን ቀጣይ ሕክምና፣ ለምሳሌ መተንፈሻ ማሽንን፣ ማቋረጥም አይፈቅድም፤ እየተቆራረጠ የሚሰጠውን፣ እንደ ኩላሊት እጥበት ያለውን፣ ግን አለመቀጠል ይቻላል። የተገኘው መፍትሔ ማሽኑ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ መግጠም ነው፤ በሰንበት መብራት የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ እንዲጠፋ እንደሚደረገው ማለት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ሕክምናው እንዳበቃ ይቆጠራል፤ መቀጠል አለመቀጠሉ እንደ አዲስ ይወሰናል።

የሰው እጅ ድርሻ ላይ እንዲህ መጠንቀቅ ለአንዳንዱ ከንቱ ድካም ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የሁሉንም ወገን ሕሊና ሳያቆስል አንድ ሕግ ለማውጣት የተደረገ ከባድ ጥረት አድርጌ አየዋለሁ። ሐኪሙ ስለ መደበቅ ያነሡትን በተመለከተ፣ እዚህም ሽማግሌዎቻችን በሽታቸውን ከልጆቻቸው አፍ ሳይሆን በዕብራይስጥ በተጻፈ ወረቀት ላይ ቆይተው ያገኙታል፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው።

የቶሮንቶዋ

ሁላችሁንም አነበብሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወንድሜ ስለ ሁለተኛው መንገድ ያለው ከብዶኛል፤ ሞቱ ላልቀረበ ሰው ከመፍቀድ በፊት ቤትና ድጋፍ መቅደም አለበት በሚለው እስማማለሁ። የዋሽንግተን ዓይነቱን ሕግ መደገፌን ግን አልተውም። ለሐኪሙ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአርሲው አባት ሕመማቸው ተይዞላቸው ተረጋጉ። ነርሷ የነገረችን ሴት ግን ሕመማቸው ከመጀመሪያው ተይዞላቸው ነበር። በኦሪገንም በየዓመቱ ከሚመዘገቡት ምክንያቶች የሚበዙት በራስ ማዘዝን ማጣት፣ የሚወዱትን ማድረግ አለመቻልና ክብርን ማጣት ናቸው፤ ሕመም ከእነሱ በታች ነው የሚመጣው። ብልቃጡ ሞልቶ «በቃኝ» የሚልዎትን ሰው ምን ይሉታል?

ሐኪም ከጅማ

ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ማስታገሻው ሁሉ አልሠራ ብሎ ጣር ለጠናበት ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት በመድኃኒት እንዲተኛ ማድረግ ይቻላል፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው ጭንቁን እስኪያስታግስ ድረስ ብቻ ነው፤ ይህ በሕክምናችን ውስጥ ያለና የማልሸሸው ነገር ነው። እኚያን እናት በተመለከተ ግን ለመታጠብ ማፈር በሽታ አይደለምና የማዝዝላቸው መድኃኒት የለኝም። እኔ ብሆን ልጃቸውን አስገብቼ፣ ደጅ ያለቀሰችውን ፊታቸው እንድትነግራቸው እጠይቃታለሁ። ከዚያም በኋላ በሐሳባቸው ቢጸኑ ማዘዣውን አልጽፍም፤ እየጎበኘኋቸው ግን እቀጥላለሁ። ይህ ለእሳቸው በቂ መልስ ነው ብዬ አልከራከርሽም።

ነርስ ዘሲያትል

ዶክተር፣ ልጃቸው ነግራቸዋለች። ማመልከቻውን አልቀደዱትም፤ አልፈረሙትምም። ገላቸውን የምታጥባቸው ግን አሁን ልጃቸው ናት፤ እኔ ጀርባቸውን እደግፋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቡድናችን ስለ ጉዳያቸው ስለሚወያይ፣ ጠበቃው የለዩዋቸውን ሦስት ነገሮችና በወንበር የሚሄደው ወንድማችን ያነሣውን ይዤ እቀርባለሁ።